ባለ ሁለት ቀዳዳው ጎራዴ መርካቶ ደርሶ ሲመለስ

መርካቶ የሄድኩት ለገበያ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጅማ ተመልሼ ከአውቶቡስ ስወርድ ያየኝ ሁሉ «ምን ገዝተሽ መጣሽ?» እያለ ስላደረቀኝ ነው። ምንም አልገዛሁም። ይዤ የሄድኩትን ዕቃ ይዤ ተመለስኩ። ዕቃው ግን እንደ አካሄዱ አልተመለሰም። በዚህ ዕድሜያቸው የአዲስ አበባን መንገድ ለማይሞክሩት ጎረቤቶቼ፣ እንዴት እንደሆነ ከመነሻው ጀምሬ እነግራቸዋለሁ።

ዕቃው የአባቴ ጎራዴ ነው። አባቴ ሃምሳ አለቃ ወልደየስ በወጣትነቱ ኮሪያ ዘምቷል። ሲመለሱ ጃፓን ላይ ጥቂት ቀን አርፈው ነበርና፣ አንድ በረዶ የሚጥልበት ጠዋት ወደቡ አጠገብ አንድ ሽማግሌ አገኘ። ሽማግሌው የአባቴን የወታደር ካፖርት እያየ በጨርቅ የተጠቀለለ ጎራዴ ዘረጋለት። ቋንቋ የለም፤ በእጅ ተግባቡ። አባቴ ካፖርቱን አውልቆ ሰጠ፣ ጎራዴውን ተቀበለ። እኛ ልጆቹ ይህን ታሪክ በቃላችን እናውቀዋለን። ጎራዴውም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አብሮን አርጅቷል።

ነገሩ የተበላሸው አባቴ ዘይት ሊቀባው እጀታውን ሲያወልቅ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ግርማ ያዩ ዕለት ነው። አቶ ግርማ ዕድሜ ልካቸውን ጋራዥ የሠሩ፣ ስለ ብረት ሲናገሩ ማንም የማይከራከራቸው ሰው ናቸው። እጀታው ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጠው የስለቱ ሥር ላይ ሁለት ቀዳዳ አዩ። እጀታውን የሚይዘው ችንካር ደግሞ አንድ ብቻ ነው። «ሃምሳ አለቃ» አሉ እየሳቁ፣ «ይሄ ጃፓንን አያውቃትም። አንዱን ቀዳዳ አበላሽቶ ሌላ የሚበሳ የመርካቶ ቀጥቃጭ ነው!» ሳምንት ሳይሞላ አባቴ በሰፈሩ «ሃምሳ አለቃ ቆርቆሮ» ተባለ።

አባቴ አልተሳደበም፤ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። ጎራዴውን ከግድግዳው አውርዶ አልጋ ሥር ከተተው፣ እድር መሄዱንም ተወ። አንድ ቀን ጠርቶኝ «እኔ አልዋሸሁም» አለኝ። «ግን ያ ሽማግሌ ሸውዶኝ ይሆን? ሳልሞት ልወቀው። ቆርቆሮም ከሆነ ቆርቆሮ ነው በይኝ። አጣርተሽ ግን በይኝ።» ደሜ ፈላ። አብሮ አደጌ ከድጃ መርካቶ ከገባች ብዙ ዓመቷ ነውና ደወልኩላት። «እኛ ጋ ሐጂ ነስሩ አሉ» አለችኝ። «የጃፓን ሞተር አስመጪ ናቸው። የጃፓን ጎራዴ ካዩ ምሳቸውን ይረሳሉ። ይዘሽው ነይ!»

ረቡዕ

ጎራዴ ይዞ አውቶቡስ መግባት እንደ ዶሮ ቀላል አይደለም። ቀበሌ ሄጄ የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ «ጎራዴ» ብላ መጻፍ ፈርታ «አንድ ስለታም የቤት ውስጥ መገልገያ» ብላ ጻፈች። በአባቴ አሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ፣ ማር በጄሪካን፣ ለከድጃ ደግሞ አንድ የዋንዛ በርጩማ ይዤ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ ጥቅሉን አይቶ «የመጋረጃ ብረት ፖርቶመጋላ ላይ ነው የሚጫነው» አለኝ። «ይሄ ፖርቶመጋላ ላይ ከወጣ እኔም እወጣለሁ» አልኩት። አየኝ፤ የምወጣ መሰልኩት። ሾፌሩ ወንበር ጀርባ ቦታ ሰጠኝ።

ጊቤ በረሃ ኬላው ላይ ሁላችንም ወረድን። ፖሊሱ ደብዳቤውን አነበበ፣ ጋቢውን ፈታ፣ ጎራዴውን ከአፎቱ በስንዝር ያህል መዘዘ፣ ደብዳቤውን ደግሞ አነበበ። «እትዬ፣ ይሄ መገልገያ ምን ሊከትፍ ነው?»

«የሐሜተኛ ምላስ» አልኩት።

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፤ ፖሊሱ ግን አልሳቀም። እዚያው ፀሐይ ላይ አቁሞ የአባቴን ታሪክ ከነካፖርቱ አስወራኝ። ስጨርስ ጋቢውን ራሱ ጠቀለለ፣ እኔ ካሰርኩት በተሻለም አሰረው። «ሐሜተኛውን ሰላም በይልን» ብሎ ሸኘን።

ምሳ ወልቂጤ ነበር። ቀኑ ጾም ነውና የወልቂጤን ክትፎ በዓይኔ ብቻ በልቼ በአፌ ጎመን ጎረስኩ። ጎመኑን አላማም፤ ከጎኔ ቅቤው የሚንቆረቆርለትን ሰውዬ ግን እስካሁን አልረሳሁትም። አመሻሽ ላይ አውቶቡስ ተራ ስንገባ ከድጃ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በሚኒባስ መሳለሚያ ወሰደችኝ፤ እኔና ጎራዴው አንድ ወንበር ላይ፣ በርጩማው የማላውቀው ሰው ጭን ላይ ሆነን።

ቤቷ ከሱቆች ጀርባ በጠባብ መተላለፊያ የሚገባበት ነው። ጅማ ቢሆን ያ ስፋት ለበግ በረት አይበቃም፤ ግን ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ያበራል። ባሏ ጀማል ድስትና ሰፌድ፣ ምድጃና ማንኪያ የሚሸጥ፣ እጁ ሥራ የማይፈታ ሰው ነው። ከድጃ ጾሜን አስታውሳ ሽሮዬን ሥጋ ባልነካው አዲስ ድስት ሠርታ ጠበቀችኝ። በማግስቱም ዶሮ ገዝታ ጎረቤቷን ክርስቲያን አስባርካ፣ እዚያው ጎረቤት ድስት አሠርታ አቀረበችልኝ። እኔ ሳልጠይቃት፣ እሷም ሳትነግረኝ። ከገረመኝ የአዲስ አበባ ነገር ሁሉ ይኸኛው ይበልጣል።

ሐሙስ

ጠዋት ወደ ሐጂ ነስሩ ሱቅ ሄድን። የእኛ የጅማው ገበያ ሒርማታ የሚደምቀው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ መርካቶ ሰባቱም ቀን ሐሙስ ነው። ሒርማታ ሰው ቆሞ ሰላም ይባባላል፣ የቤተሰብ ጤና ይጠያየቃል። እዚህ የቆመ ሰው ይረገጣል። አንድ ፍራሽ የተሸከመ ሰው «ጀርባሽን እትዬ!» ብሎ ከኋላዬ ሲያልፍ ነጠላዬን በፍራሹ ጫፍ ይዞት ሄደ። እኔ ጎራዴዬን ታቅፌ ቀረሁ፣ ከድጃ ነጠላዬን ልታስመልስ ሮጠች። ይዛው ስትመጣ ሁለታችንም እየሳቅን መሄድ አቃተን።

ሐጂ ግን አልነበሩም፤ ለቅሶ ሄደዋል ተባልን። ከድጃ ደወለችላቸውና ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ። «የጃፓን ጎራዴ?» አሉ፤ ወዲያው ድምፃቸው ተለወጠ። «ስሙኝ! እንዳታጥቡት! እንዳትወለውሉት! በሎሚም በአመድም እንዳትነኩት! ነገ ከጁምዓ በኋላ እንዳለ አምጡልኝ።»

እኔና ከድጃ ሰማን። ጀማል ሱቁ ነበርና አልሰማም፤ ለእሱ መንገርም ለሁለታችንም አልታየንም። ማታ እጀታውን አውልቀን ስናሳየው የስለቱን ሥር፣ ጥቁር ዝገቱን አየና ምላሱን ጠ ጠ አደረገ። አድንቆ ነው ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ

ረፋዱ ላይ ነጠላዬን አጥቤ ስገባ ጎራዴው የለም። ጋቢው ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከድጃ ለጀማል ደወለች፤ አያነሳም። ወጥተን ጎረቤቱን ባለሱቅ ጠየቅን።

«ጀማል? ጎራዴ ይዞ ምናለሽ ተራ ወርዷል» አለን። «‹ሐጂ ፊት እንዲህ ዝጎ አይቀርብም፣ መስተዋት አስመስዬ ነው የማመጣው› ሲል ነበር።»

ምናለሽ ተራን ለማታውቁት፣ አሮጌ ብረት ገብቶ ወጣት ሆኖ የሚወጣበት ሰፈር ነው። በርሜሉ ምድጃ፣ ቆርቆሮው ባልዲ፣ የዛገው የሚያብለጨልጭ ይሆናል። ጀማል ክፉ አላሰበም። በእነሱ ወግ ለትልቅ ሰው ዕቃ የሚቀርበው ተወልውሎ ነው፤ እንግዳውን ማክበሩ ነበር። እኔ ግን ያኔ ይህን ሁሉ ማሰብ አልቻልኩም። የታየኝ አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ መልስ ሲጠብቅ ነው። ያ ዝገት ከተፋቀ የሐጂም ዕውቀት ምን ያደርግልኛል? ጉልበቴን አመም ያደርገኛል፤ እንዲያም ሆኖ ሮጥኩ።

አንዋር መስጊድ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ሰጋጁ ከመስጊዱ ተርፎ ጎዳናውን ሞልቶታል፤ ምንጣፍ ከምንጣፍ ጋር ተገጣጥሞ እግር ማሳረፊያ የለም። ከድጃ ክንዴን ያዘች። «አናልፍም። ቁሚ።» አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆምን። ያ ሲጮኽ የሚውል መርካቶ ጸጥ አለ። ይህን ባላየው ኖሮ የሚነግረኝን ሰው አላምነውም ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ዕንባዬ በመጣ ነበር፤ ያን ዕለት ግን በንዴት ነደድኩ። ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ለፈጣሪው ሲሰግድ አንድ ሰውዬ እዚያ ብቻውን የአባቴን ስም እየፋቀ ነው ብዬ አሰብኩ።

ስግደቱ አለቀ። ሰዉ እንደ ጎርፍ ተነሣ። ከመካከሉ ጀማል ምንጣፉን በብብቱ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ወደ እኛ መጣ።

«ጎራዴው የታለ?» አልኩት።

«ኧረ ተረጋጊ እህቴ፣ እየተወለወለልሽ ነው።»

«ማን ጋ?»

«ሙዘይን ጋ። እጁ ወርቅ ነው።»

«ሙዘይንስ የት ነው?»

ጀማል ዘወር አለ። «ይኸው» አለ። ከጎኑ አንድ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያደርጋል።

ከድጃን አቅፌ እልል አልኩ። ሙዘይን ምን እንደሆንኩ አልገባውም። ጁምዓ ባይሆን ኖሮ ያ ጎራዴ ያኔ መስተዋት ነበር! ሱቁ ስንደርስ ጠረጴዛ ላይ እጀታው ወልቆ ተጋድሟል። ሥሩ ላይ የጥፍር ያህል ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ያበራል። «ለሙከራ ነካ አድርጌው አዛን አለ፣ ተውኩት» አለ ሙዘይን። የቀርከሃ ችንካሩ ግን የለም። አራታችን ወለል ላይ ተንበርክከን በብረት ፍቅፋቂ መሃል ፈለግነው፤ አልተገኘም። ጀማል ነገሩን ሲረዳ ፊቱ አመድ መሰለ። ወጣ፣ የቀርከሃ ቁራጭ ይዞ ተመለሰና በቢላዋ ይቀርጽ ጀመር። ሐጂ ጋ እስክንደርስ መንገድ ላይም እየሄደ ይቀርጽ ነበር።

ሐጂ ነስሩ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ለሠላሳ ዓመት ያህል ሞተር ሊያስጭኑ ጃፓን ሲመላለሱ ከመጋዘኑ አጠገብ የጎራዴ ነጋዴ ነበርና «መርከብ ስጠብቅ ጎራዴ ተማርኩ» አሉኝ። ስልካቸውን ዘጉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ትንፋሻቸው ስለቱን እንዳይነካው አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ከዚያ ጎራዴውን በሁለት እጅ ከፍ አድርገው አንገታቸውን ደፋ አደረጉለት። ለቆርቆሮ እንዲህ አይደረግም ብዬ ልቤ ዘለለ። ወዲያው ግን የሚያበራውን ነጥብ አዩ።

«ይቺን ማን ነው ያደረጋት?»

ጀማል አንገቱን ደፋ። ሐጂ መሐረቡን አውርደው የሚገባውን ያህል ተናገሩት፤ እዚህ አልጽፈውም፣ ጀማል ወንድሜ ነው።

ከዚያ የእኔን ጣት ይዘው ዝገቱ ላይ አሹት። «ጣትሽን እዪው።» ንጹሕ ነበር። «አዲስ ዝገት ቀይ ነው፣ እጅ ላይ ይቀራል። በኬሚካል የተሠራም ይታወቃል። ይሄ ግን ጥቁር ነው፣ ልስልስ ያለ፣ ብረቱ ውስጥ የገባ። ይህን የሚሠራው ጊዜ ብቻ ነው፤ ጊዜን ደግሞ ምናለሽ ተራም አይሠራውም።» ወደ ነጯ ነጥብ እያመለከቱ «ጀማል ከዚች አልፎ ቢያስፍቀው ኖሮ አፈር በበላን ነበር» አሉ።

መብራቱን አጥፍተው አንድ አምፖል ብቻ አስቀሩና ስለቱን ከአምፖሉ ሥር ቀስ እያሉ አዘነበሉት። ከዳሩ ጋር የሚሄድ ነጭ ጭጋግ የመሰለ መስመር ከፍ ዝቅ እያለ ታየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ላይ ሳየው አይቼው አላውቅም። «በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ግለት ያየው ብረት ነው» አሉ። «ሲያቀዘቅዙት በውሃ ነው፤ መስመሩ ከዚያ ይመጣል። የፋብሪካ ቢሆን ባዶ ነው፤ አስመስለው የሳሉት ቢሆን ላይ ላዩን ነው። አሁን ወደ ጀርባው እዪ።» አየሁ። ብረቱ ውስጥ የእንጨት ጅማት አለ፤ ለከድጃ ያመጣሁት የዋንዛ በርጩማ መቀመጫው ላይ ያለው ዓይነት። «ብረቱን እያጠፉ እየደጋገሙ ሲቀጠቅጡት ነው እንዲህ የሚሆነው» አሉ።

የፈራሁትን ጥያቄ ራሴ አነሣሁት። «ሐጂ፣ ሁለቱ ቀዳዳስ? አንዱ የተበላሸ ነው ብለው የሰደቡን አሉ።»

ሐጂ ሳቁ፤ ሳቃቸው ከሱቁ ወጥቶ ሸቃጮቹን አስዞረ። «ማነው እሱ? ይዘሽልኝ ነይ! ቀዳዳዎቹ እኮ የልደት ወረቀቱ ናቸው።» ሥሩን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «ይህ ጎራዴ ሲወለድ ከዚህ ይረዝም ነበር። ድሮ በፈረስ ላይ የሚዋጉበት ረጅም ነው። ኋላ ጦርነቱ በእግር ሲሆን ባለቤቱ ከሥሩ ያስቆርጠዋል፤ ስለቱን ማንም አይቆርጥም። ሥሩ ሲያጥር የድሮው ቀዳዳ ወደ ታች ይቀራል፣ ለአዲሱ እጀታ ሌላ ይበሳል። ዝገቱን እዪው፦ ከታችኛው አጠገብ ይጠቁራል፣ ከላይኛው አጠገብ ጥቁረቱ ይሳሳል። ሠሪው ስሙን የሚቀርጸው የሥሩ ጫፍ ላይ ነበርና ስሙ አብሮ ተቆርጧል። ስለዚህ ማን እንደሠራው አልነግርሽም፤ ብነግርሽ ውሸታም ነኝ። ሦስት መቶ ዓመት ግን አያንሰውም። ምናልባትም አራት።»

«አፎቱ የወታደር ነው እኮ!» አለ ጀማል፤ አሁን ደፈር ብሎ።

«ልብሱ የወታደር ነው፣ ገላው የቅድመ አያት ነው» አሉ ሐጂ። «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ልጃቸው ሲዘምት የቤታቸውን ጎራዴ የወታደር አፎት አልብሰው የሰጡ ብዙ ናቸው።» ጎራዴውን ዘይት ቀብተው፣ ጀማል የቀረጸውን ችንካር አስገብተው አጠበቁት። ልክ ሆነ። ጀማል በረጅሙ ተነፈሰ። «እህቴ፣ ልሽጠው ካልሽ ዛሬውኑ እገዛዋለሁ» አሉኝ ሐጂ። «ከሸጥሽው ግን እቀየምሻለሁ።»

ከዚያ ሱቅ ስወጣ መርካቶ የእኔ ነበር። ተሸካሚው «ጀርባሽን!» ሲለኝ «አንተ ጀርባህን ጠብቅ!» አልኩት።

ቅዳሜ

ጀማል አውቶቡስ ተራ ድረስ ጎራዴውን ራሱ ተሸክሞ ሸኘኝ፤ ለማንም አላስነካም። ከድጃ ያስያዘችኝ ቅመም አውቶቡሱን ሙሉ አስነጠሰው። ጊቤ ኬላ ላይ ያው ፖሊስ ነበር። ጋቢውን ሳይፈታ «እህስ?» አለኝ። «አራት መቶ ዓመት!» ብዬ ጮህኩ። ሦስቱን ዘልዬዋለሁ፤ ሐጂ አልነበሩማ።

እሑድ

አባቴን እቤት አልነገርኩትም። «ልብስህን ልበስ፣ እድር እንሄዳለን» አልኩት። ፊቴን አይቶ አልተከራከረኝም። ስብሰባው መሃል ጎራዴውን ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና እጀታውን አወለቅሁ። «አቶ ግርማ፣ ጣትዎን ዝገቱ ላይ ይሹልኝ።»

አቶ ግርማ ምላሳቸው ይክፋ እንጂ ብረት ላይ አይዋሹም። አሹ፤ ጣታቸውን አዩ። ደግመው አሹ። እኔ ሐጂ ያሉትን ሁሉ ስለ ሁለቱ ቀዳዳ፣ ስለተቆረጠው ሥር፣ ስለ ጭጋጉ መስመር ስናገር እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይኛው፣ ከላይኛው ወደ ታችኛው ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያ ቆሙ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ሃምሳ አለቃ» አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቆርቆሮው እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።» ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔም አብሬ እልል አልኩ፤ ደግሞስ ለምን አልል!

አባቴ ይቅር ለእግዚአብሔር አለ። ሰው ሁሉ ጎራዴውን ሲከብብ እሱ ግን ወንበሩ ላይ ቀረና ጠራኝ።

«ስንት ዓመት ነው ያልሽው?»

«ከሦስት መቶ አያንስም አባዬ። አልሸወደህም። የቅድመ አያቶቹን ነው የሰጠህ።»

«ያውቅ ነበር?»

«ሳያውቅ አይቀርም።»

 እልልታው እስኪበርድ ጠበቀ። ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር።

«እንግዲያው ያ ሽማግሌ ምንኛ በርዶት ኖሯል» አለኝ። ከዘራውን ተመርኩዞ ቀና አለ። «ካፖርቱ ግን ጥሩ ካፖርት ነበር።»